ለቅሬያችን (ለዕድራችን) የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ አዳራሹን ለአንድ ማታ ስጡን

ለሰፈራችን የቅሬ ዳኛ፣ ለጸሐፊያችን፣ ለገንዘብ ያዣችን እና ለመላው አባላት
ደሴ

ጉዳዩ፦ ባለፈው ስብሰባ ውድቅ ስለሆነው የፊልም ጥያቄ

እንደምን ሰነበታችሁ።

ባለፈው ስብሰባ እኛ ወጣቶች አንድ ነገር ጠይቀን ነበር። የቅሬውን አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ማታ ፍቀዱልንና ፊልም እናሳይ አልን። ምን ፊልም ተባልን። «አቬንጀርስ» አልን። ምን ማለት ነው ተባልን። ከመሀላችን አንዱ ተነስቶ «ጀግኖች ተሰባስበው ዓለምን ያድናሉ፤ አንዱ ይበራል፣ አንዱ ሲናደድ አረንጓዴ ይሆናል» ብሎ አስረዳ። እዚያው ላይ አለቀ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው፣ አዳራሹ የሐዘን ቤት ነው» ተባለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። የሚቀጥለው አጀንዳ የጠፉት ሦስት ድስቶች ነበሩ። ድስቶቹ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተወያየን።

አልተቀየምኩም። እንደዚያ ከተነገረኝ እኔም አልፈቅድም ነበር። ስለዚህ እንደገና ላስረዳ። በስብሰባ ላይ ለወጣት የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ በደብዳቤ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ግልጽ ያደረግኩትም ኮምቦልቻም፣ ሐይቅም፣ ወልድያም ከአባቶቻቸው ጋር ይህንኑ የሚከራከሩ ልጆች እንደማይጠፉ ስለገባኝ ነው።

ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ ያረፈ ሌሊት ይዘንብ ነበር። የነሐሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ተንደርድሮ ሲወርድ ዓይን አያስገልጥም። ገና ጡሩምባው ሳይነፋ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው መጡ። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። የመሀሉን ምሰሶ የሚያቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጎረቤታችን ነው፤ ከአባቴ ጋር በአጥር የተነሳ ሰባት ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ሁለተኛው ከዚሁ ጎረቤታችን ጋር በዕቁብ ገንዘብ የተጣላ ነው። አይተያዩም። አንዱ «ወደ ግራ» ይላል፤ የሚያናግረው ምሰሶውን ይመስላል። ሌላው መልስ ሳይሰጥ ወደ ግራ ያዘነብለዋል። ምሰሶው ቆመ። ገመዱ ተወጠረ። ጎረቤታችን ካስማውን በድንጋይ ሲመታ አውራ ጣቱን አገኘው። ደሙ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። ያኛው ኪሱን ዳበሰ፣ መሀረብ አወጣ፣ ፊቱን አዙሮ ሰጠው። ይሄም ፊቱን አዙሮ ተቀበለ።

ሁለቱ ሰዎች ዛሬም ከሰላምታ አያልፉም። ስም አልጠራሁም። ራሳቸውን ያውቃሉ፤ እንዳይቀየሙኝ አደራ።

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከዚያ ሌሊት በፊት ነው፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን። ያኔ ድብድቡን ነበር የወደድኩት። ከአባቴ ሞት በኋላ ደግሜ ሳየው ግን ሌላ ፊልም ሆኖ ቆየኝ። ስለ እናንተ የተሠራ መሰለኝ። ወላሂ፣ አልቀለድኩም።

እስቲ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ስድስት ናቸው። ቶኒ ስታርክ ሀብታም ነው፤ የሚበር የብረት ልብስ ሠርቶ ይለብሳል፣ አፉ ግን አያርፍም። ሁሉ ቤት ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ስቲቭ ሮጀርስ ወታደር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ቀረና ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ነቃ። የሚያውቃቸው ሰዎች ከጥቂቱ በቀር አልቀዋል። ለአንዳቸውም ቀብር አልደረሰም። ይህን ነገር እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። ብሩስ ባነር ሊቅ ነው፤ ሲናደድ ሃልክ የሚባል አውሬ ይወጣዋል። ስለዚህ ከሰው ሸሽቶ ሕንድ አገር፣ ካልካታ ውስጥ፣ ድሆች ሲያክም እናገኘዋለን። ናታሻ ሰላይ ናት። ክሊንት ቀስተኛ ነው፤ የፊልሙን ግማሽ ያህል በጠላት ተይዞ፣ አእምሮው ተሰልቦ፣ ወገኖቹን ሲወጋ ያሳልፋል። ቶር ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ መዶሻ ያዥ ነው። ጠላታቸው ሎኪ የቶር ወንድም ነው።

ወንድም ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰዎቹ ሎኪን ሲሰድቡት ቶር ይቆጣል፤ ምንም ቢሆን ወንድሜ ነው ይላል። ናታሻ በሁለት ቀን 80 ሰው ገደለ ትለዋለች። ቶር ትንሽ ያስብና የማደጎ ነው ይላል። ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኛም ሰፈር እንዲህ ነው፤ ልጁ ሲመረቅ የሁላችን ነው፣ ሲያጠፋ የእናቱ።

አንድ አባት በስብሰባው ላይ «አምላክ ነኝ የሚል ሰው አለበት ይባላል» ብለው ነበር። እውነት ነው፣ ቶርንም ሎኪንም እንደ አማልክት የሚያይ አለ። ናታሻም ለሮጀርስ ይህንኑ ትነግረዋለች። ሮጀርስ ምን አላት መሰላችሁ? አምላክ አንድ ነው፤ እንደዚያም እንደማይለብስ እርግጠኛ ነኝ። ብሎ ከአውሮፕላን ዘለለ። ይህን ለሼሁም ለቄሱም አንድ ላይ ባሳየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ይህን ፊልም የድብድብ ፊልም ይለዋል። ርዝመቱ 143 ደቂቃ ነው። ትልቁ ጦርነት ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጠላት ብቅ ጥልቅ ይላል እንጂ በብዛት የምታዩት የእርስ በርስ ጠብ ነው። ቶርና ስታርክ ጫካ ውስጥ ገና ሳይተዋወቁ ይደባደባሉ። ሮጀርስ ሊገላግል ይገባና መዶሻው ጋሻው ላይ ሲያርፍ ዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ይተኛል። ገላጋይ የሆነ ሰው ይህ ያልደረሰበት ካለ ይንገረኝ።

ከዚያ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው የሚጨቃጨቁበት ቦታ አለ። ሁሉም በአንዴ ያወራል። ማንም ማንንም አይሰማም። ሮጀርስ ስታርክን ይለዋል፦ ይህን ብረት አውልቀው፣ ከዚያ ምን ትቀራለህ? አንተ ሌላው ተራምዶህ እንዲያልፍ እሾሃማ ሽቦ ላይ የምትተኛ ሰው አይደለህም። ስታርክ ይመልሳል፦ ሽቦውን እቆርጠዋለኋ። መልሱ ያስቃል፤ ሮጀርስን ግን አላሳመነውም። ይህን ሽቦ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የሰበሰባቸው ሰው ኒክ ፊዩሪ ይባላል። እንደ ቅሬ ዳኛ ቁጠሩት። ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደበቀ፣ ገለጠ፤ አልተሳካለትም። ስድስቱን አንድ ያደረጋቸው ሞት ነው።

ኮልሰን የሚባል አንድ የቢሮ ሰው አለ። ጉልበት የለው፣ አይበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሮጀርስ አድናቂ ነው፤ ምስሉ ያለባቸውን የድሮ ካርዶች ሰብስቦ ይዟል። ሮጀርስ ሲገኝ ያፍራል፣ ይንተባተባል፣ ፈርምልኝ ይለዋል። ሳያስፈርም ሎኪ ገደለው። ፊዩሪ ካርዶቹን ደም እንደነካቸው አምጥቶ ስታርክና ሮጀርስ ፊት ጠረጴዛው ላይ ይጥላቸዋል። ሁለቱም ጭጭ አሉ። ያ ሁሉ አፍ የሚባለው ስታርክ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይመጣል። የፊዩሪ ረዳት ካርዶቹ የነበሩት የኮልሰን ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሆነ ታነሳለች። ደሙን የነከራቸው ፊዩሪ ራሱ ኖሯል። የሚገፋቸው ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፣ ይላል። እኔ ይህን አልወድለትም። ሞቱ ብቻውን ይበቃ ነበር። የእኛ ዳኛ በሐዘን ላይ እንዲህ ቢያደርጉ ዝም አንላቸውም። ግን ፊልሙ ውሸቱን ደብቆ ሊያልፍ ሲችል ማሳየቱን ወድጄለታለሁ። ሰው ለበጎ ነገር ሲያስተባብር እጁ ሁልጊዜ ንጹሕ እንደማይሆን ቅሬ ውስጥ የሠራ ያውቃል።

ታሪኩን ሁሉ ነገርከን ትሉኝ ይሆናል። አብሽሩ። መጨረሻው እንዳይነገር የሚፈራለት ዓይነት ፊልም አይደለም፤ እንደሚያሸንፉ ገና ሲጀመር ይታወቃል።

ከዚያ ያ የምወደው ቦታ ይመጣል። ሰማዩ ተቀዶ ሎኪ ያመጣው የሌላ ዓለም ጦር እየጎረፈ ነው። ስድስቱ ኒውዮርክ መሀል ጎዳና ላይ ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ቆመዋል፤ ካሜራው ይዞራቸዋል። ሮጀርስ ሥራ ያከፋፍላል። ቀስተኛውን ሰገነት ላይ ውጣና የምታየውን ንገረን ይለዋል። ስታርክን ዳር ዳሩን ያዝ። ቶርን ያንን ቀዳዳ በመብረቅህ ዝጋው። እኔና ናታሻ መሬት ላይ እንቀራለን። ሃልክን አንድ ቃል ብቻ፦ ሰባብር። አንዳቸውም አይከራከሩም። ሮጀርስ ከሁሉም ጠንካራው አይደለም፤ ሃልክ በአንድ እጁ ያነሳዋል። ግን ማን የት እንደሚቆም የሚያውቀው እሱ ነው።

ይህን ሳይ የጅጌ (የደቦ) ቀን ትዝ ይለኛል። አያቴ አገር ስንዴ ሲታጨድ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ማጭድ መያዝ አቅቷቸዋል። ዳር ቆመው ግን ማን ከማን ጎን እንደሚያጭድ የሚመድቡት እሳቸው ነበሩ። የተጣሉትን ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ ጎን ለጎን ያሰልፏቸው ነበር። ለምን ስላቸው «ቶሎ ቶሎ ያጭዳሉ፣ አንዱ ለአንዱ መሸነፍ አይፈልግም» አሉኝ።

ባነርስ? ከቁጣው ሲሸሽ የኖረው ሰው በአሮጌ ሞተር ሳይክል ብቻውን ይመጣል። ሮጀርስ አሁን ብትናደድ ጥሩ ነው ይለዋል። ባነር ወደ አንድ ግዙፍ የጠላት አውሬ እየተራመደ ዞር ይልና ምስጢሩን ይነግረዋል፦ እኔ ሁልጊዜ ተናድጄ ነው ያለሁት። እና ይቀየራል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የተረጋጋ ሰው መስሎን ነበር። እኔ ከዚህ ፊልም አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ወሎ ውስጥ እየሳቀ የሚኖር፣ ተናድዶ የሚኖር ስንት ሰው አለ?

ሽቦውን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በላይ ያሉት አለቆች ተስፋ ቆርጠው ከተማው ላይ፣ ሕዝቡ ሳይወጣ፣ የኑክሌር ሚሳኤል ይተኩሳሉ። ስታርክ ሚሳኤሉን በጀርባው ተሸክሞ በዚያ የሰማይ ቀዳዳ ውስጥ ይዞት ይገባል። መመለሻ እንደሌለው ያውቃል። ሽቦው ላይ ተኛ። ሮጀርስ ከመሬት ሆኖ ያየዋል። ስለዚያ ሽቦ አንድም ቃል አይነጋገሩም። ስታርክ ሲወድቅ ሃልክ ይይዘዋል። ልክ እንደዚያ መሀረብ ነው።

ስለ ጦርነቱ ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልመልስ ማለፍ የለብኝም። ከስብሰባው በኋላ አንድ አባት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ቤት ሲፈርስ ያላየን መሰለህ?» አሉኝ። ከሁሉም ተቃውሞ ያመመኝ ይሄ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ከተማችንን ጥለን የወጣን ሰዎች ነን። የሐረጎን ቁልቁለት ፍራሽ ተሸክሞ የወረደ ሰው ለመዝናናት የሕንፃ ፍርስራሽ እንዲያይ አልጠይቅም። ፊልሙም እዚህ ላይ ደካማ ነው። ጦርነቱ ይረዝማል። ሕንፃው ይናዳል፣ ሬሳ ግን የለም ማለት ይቻላል። ማን ቀበራቸው? ማን ድንኳን ተከለ? ቅሬ የሌለበት ከተማ ነው። እኔ ራሴ ያንን ክፍል ድምፁን ቀንሼ ነው የማየው። ያማችሁ ሰዎች በዚያ ሰዓት ወጥታችሁ ቡና ጠጡ፤ ውጪ እናፈላለን። ለሚሳኤሉ ስትደርሱ እንጠራችኋለን።

ሌላም ጉድለት አለው። ከስድስቱ ሴት አንዷ ብቻ ናት። የቅሬያችን ሴቶች ይህን ወዲያው እንደሚያነሱት አውቃለሁ፤ ልክ ናቸው።

«ለምን የራሳችንን አታሳዩም» ላላችሁም መልሴ አጭር ነው። እናሳያለን። የአማርኛ ፊልም የሚታይበት ቅዳሜም ይመጣል።

ስለ አሠራሩም ትንሽ ልበል፤ አንዳንዱ አባል ነጋዴ ነውና ይህ ይጥመዋል። ሥራው የማርቭል ነው፤ የእነዚህን ጀግኖች ታሪክ በሥዕል መጽሔት የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ማርቭል በ1996 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አውጆ ነበር። በጣም የታወቁ ገጸ ባሕርያቱን የፊልም መብት ለሌሎች ሸጧል። ስፓይደር ማን ለሶኒ፣ ኤክስ ሜን ለፎክስ ሄደዋል። እጁ ላይ የቀሩት ያን ያህል ገበያ የማይጠራቸው ነበሩ። በተረፉት ሠራ። ከ2008 እስከ 2011 ባሉት አራት ዓመታት አምስት ፊልም አወጣ፤ አይረን ማን (ስታርክ) ሁለት ጊዜ፣ ሃልክ፣ ቶር፣ ካፒቴን አሜሪካ (ሮጀርስ)። ከዚያ በ2012 ሁሉንም አንድ ላይ አመጣቸው። ፊልሙ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ከጓዳ የተረፈውን አዋጥቶ ድግስ የደገሰ ሰው ብትሉት አያጣላንም። አምስቱን አስቀድሞ ማየት ግን ግዴታ አይደለም። እኔ ሳላያቸው ነው የገባሁት፤ ምንም አላመለጠኝም።

ጠቡም አዲስ አይደለም። የማርቭል ደራሲው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ይህን ቡድን በመጽሔት ላይ የጀመሩት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ሃልክ ገና በሁለተኛው እትም ላይ ተኳርፎ ወጣ።

አሁን ጥያቄያችን። አዳራሹን ለአንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ። ፕሮጀክተር ተውሰናል። ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጄዲ እንወጥራለን። መብራት ከሄደ ጀኔሬተር አለ፤ ነዳጁን እኛ እናዋጣለን። እንግሊዝኛው ለማይገባው እኔ ማይክ ይዤ እየተረጎምኩ አብሬ እሄዳለሁ፤ የድሮ ቪዲዮ ቤት ልጅ ነኝ፣ ትርጉም አያቅተኝም። ወንበር እኛ እናወጣለን፣ እኛ እንመልሳለን፣ ቆጥረን። በዚያን ቀን ሐዘን ከደረሰ ፊልሙ እዚያው ይቆማል። ድንኳኑን የሚሸከሙትም ያው እኛ ነን።

አንድ ልመና ብቻ። ፊልሙ አለቀ ብላችሁ ስሞቹ መውረድ ሲጀምሩ አትነሱ። ረጅም ነው፣ ታገሡ። ከሁሉም መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ትዕይንት አለች። ስድስቱ አንድ የተሰባበረ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሻዋርማ ይበላሉ። አይነጋገሩም። ያኝካሉ፣ ያ ብቻ። ክሊንት እግሩን ናታሻ ወንበር ላይ ሰቅሏል። ሮጀርስ ፊቱን በእጁ ደግፎ ሊተኛ ነው። (ይህችን የቀረጿት ፊልሙ ሎስ አንጀለስ ላይ ከተመረቀ በኋላ በማግሥቱ ነው። ተዋናዩ ለሌላ ፊልም ጢም አሳድጎ ስለነበር አገጩ ላይ ሰው ሠራሽ ቆዳ ለጥፈውበታል፤ እጁ ያንን እየሸፈነ ነው።) የእስላም ሥጋ ነው የክርስቲያን ብሎ የጠየቀም የለም፤ ይህን እንኳ እኛ እንጠይቃለን፣ አውቃለሁ። ግን ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ያለውን ዝምታ ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ሚካኤል ለግብር አዳራሻቸው አይጠየፍ የሚል ስም ባወጡበት ከተማ ይህች ትዕይንት ሳትታይ መቅረት የለባትም።

መልሳችሁን በሚቀጥለው ስብሰባ እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ
የቅሬው አባል

ማሳሰቢያ፦ ከጠፉት ሦስት ድስቶች ሁለቱን እናቴ ከትናንት ወዲያ ጓዳ ስታጸዳ አግኝታቸዋለች። ከአባቴ ሐዘን ጊዜ ጀምሮ እኛው ጋ ነበሩ። ይቅርታ እንጠይቃለን። ታጥበው ተቀምጠዋል፤ ቅዳሜ ይዣቸው እመጣለሁ። ሦስተኛው እኛ ጋ የለም።